በሥዕላችን ላይ ጄሪካን አልነበረም

በ2000 ዓ.ም. የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። «ሚሌኒየም» የሚለው ቃል ቲሸርት ላይ፣ ባነር ላይ፣ የሱቅ ስም ላይ፣ ሁሉም ቦታ የተለጠፈበት ዓመት ነው። ጉለሌ ውስጥ የምማርበት ትምህርት ቤት መምህራችን ነጭ ወረቀት አደሉንና «አዲስ አበባ በ2020 ዓ.ም. ምን ትመስላለች? እስቲ ሣሉ» አሉን። ከለር ያለው ለሌለው እያዋሰ ሁላችንም ሣልን።

እኔ የሣልኩት የሚበር ታክሲ ነበር። ያው ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ፣ ክንፍ ብቻ ተጨምሮለት፣ ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ በደመና መሃል ይሄዳል። ረዳቱንም አልረሳሁትም፤ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ «ሽሮ ሜዳ! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። እዚያ ከፍታ ላይ ማንን እንደሚጣራ አላሰብኩበትም። አጠገቤ የነበረው ልጅ ቤት የሚጠርግ ሮቦት ሣለ። ሌላዋ ጨረቃ ላይ የተሠራ ኮንዶሚኒየም ሣለች።

ይህን ስጽፍ 2018 ዓ.ም. ነው። የሥዕላችን ፈተና ሊታረም ሁለት ዓመት ቀርቶታል ማለት ነው። ውጤቱን ግን ከወዲሁ መገመት ይቻላል። ታክሲው አሁንም የሚሄደው በመሬት ነው፤ ረዳቱም አሁንም ይጣራል። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው፦ ሒሳቡን በስልክ መክፈል የሚፈልግ ተሳፋሪ መጣ። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፤ ከእኛ ክፍል ማንም ስልክን እንደ ኪስ ቦርሳ አድርጎ አልሣለም።

አሁን ምህንድስና እማራለሁ፤ ስለ ወደፊቱ ጊዜ የሚጻፉ ዕቅዶችንም ማንበብ የሥራዬ አካል ነው። የሚገርመኝ የትንበያ ስህተት መኖሩ አይደለም። የሚገርመኝ ስህተቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ እንጦጦ ጫፍ የሚደርሰው ዳገት ይበቃል።

ወፍጮ የሚያዞረው ልጅ

በመጀመሪያ ግን ብቻዬን እንዳልተሳሳትኩ ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ ዣን ማርክ ኮቴ የተባለ ፈረንሳዊና ሌሎች ሠዓሊዎች «በ2000 ዓመት» በሚል ርዕስ ተከታታይ ሥዕሎች ሠርተው ነበር። ክንፍ ያወጡ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ፎቅ ላይ የተነሳ እሳት ሲያጠፉ፣ ሰዎች በዓሣ ነባሪ ተጎትተው ባሕር ውስጥ ሲጓዙ ያሳያሉ።

በዚያው ዘመን ከተሣሉት ውስጥ እኔን የያዘኝ የትምህርት ቤቱ ሥዕል ነው። ተማሪዎቹ ጆሯቸው ላይ ሽቦ የተያያዘ ነገር አድርገው ተቀምጠዋል። መምህሩ መጽሐፎችን ወፍጮ በሚመስል ማሽን ውስጥ ይከታል። ዕውቀቱ ተፈጭቶ በሽቦ ወደ ጆሯቸው ይገባል። ማሽኑን የሚያዞረው ማን ነው? ጥግ ላይ የቆመ አንድ ልጅ፣ በእጁ፣ በእጀታ።

ሠዓሊው ዕውቀት በሽቦ ይተላለፋል ብሎ ማሰብ ችሏል፤ ይህ ክፍል እውነት ሆኗል ማለት ይቻላል። የሚሠራው ልጅ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ልክ እንደ እኔ ረዳት! ሁለታችንም ለዕቃው ክንፍ ሰጠን፤ በዕቃው ዙሪያ ያለውን ሥራና ሰው ግን እንዳለ ገለበጥነው።

ስምንተኛው ሺህ መቼ ገባ?

እኛ አገር ደግሞ የቆየ የራሳችን የትንበያ ቋንቋ አለ። አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ትልልቅ ሰዎች «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» ይላሉ። ዳግማዊ ምኒልክ ስልክ ሲያስገቡ «የሰይጣን ሥራ ነው» ያሉ እንደነበሩ ይነገራል። ለሲኒማውም፣ ለመኪናውም ተመሳሳይ ወሬ አለ። በእኔ ዕድሜ ደግሞ ለፌስቡክና ለቲክቶክ ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው። 2018 ሲደመር 7518 ይሆናል። ስለዚህ ስምንተኛው ሺህ የጀመረው በ1501 ዓ.ም. ነው፤ ዐፄ ልብነ ድንግል በነገሡበት ዘመን አካባቢ ማለት ነው። ከ500 ዓመት በላይ ስምንተኛው ሺህ ውስጥ ኖረናል! «ሊገባ ነው» እያልን የምንፈራው ዘመን፣ ስልኩም መኪናውም ሳይታሰብ ገብቶ ተቀምጧል።

ይህን ያነሳሁት ለመሳቅ አይደለም። የሚበር ታክሲ የሣለው ልጅና «ስምንተኛው ሺህ» የሚሉት ሽማግሌ ተቃራኒ ይመስላሉ፤ አንዱ ይጓጓል፣ ሌላው ይፈራል። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ያምናሉ፦ አዲሱ ይመጣል፣ አሮጌው ይጠፋል። ታሪኩ ሲታይ እንዲህ አይደለም።

ልትነቀል የነበረች ከተማ

አሁን ወደ ዳገቱ እንሂድ። እንጦጦ ላይ ስትቆሙ የምታዩት ዛፍ በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል፤ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ብዙ ሰው ዘላቂ ከተማ ትሆናለች ብሎ አልጠበቀም። ከዚያ በፊት የነበሩ የነገሥታት መቀመጫዎች ብዙዎቹ አካባቢያቸው እንጨት ሲያልቅ ይነሱ ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ የእንጦጦና የአካባቢው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፈጨፈ። ከተማዋን የጎበኙ የውጭ አገር ሰዎች ዕድሜዋ አጭር እንደሚሆን ጻፉ። ትንበያው የጎብኚ ወሬ ብቻም አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው አዲስ ዓለም አዲስ መናገሻ ማሠራት ጀምረው ነበር።

ትንበያው በሒሳብ ትክክል ነበር። ይህን ያህል ሰው፣ በቀን ይህን ያህል እንጨት፣ የቀረው ደን ይህን ያህል። መስመሩን ወደፊት ብታስረዝሙት ከተማዋ ታልቃለች። ያልታሰበው ነገር በ1880ዎቹ መጨረሻ አካባቢ የመጣው ችግኝ ነበር። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶ ይደርሳል፤ ሲቆረጥ ደግሞ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ዋና ከተማዋም እዚሁ ቀረች።

ልብ በሉ፤ ከተማዋን ከመነቀል ያዳናት የባቡር ሐዲድ አይደለም፤ እሱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በ1904 ዓ.ም. ገደማ ሥራ የጀመረው የአቃቂ የውኃ ኃይል ማመንጫም አይደለም። ዛፍ ነው። ዛፍን ደግሞ ቴክኖሎጂ ብሎ የሚጠራ ሰው ብዙ አይደለም።

መሰላሉ የት ሄደ?

ባሕር ዛፉ ከተማዋን አዳነ፤ አዲስ ሥራም ፈጠረ። ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ለቅመው፣ ጎንበስ ብለው፣ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶችን የጉለሌ ልጅ ሁሉ ያውቃል። እኔም ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ መንገድ እየለቀቅሁላቸው ነው ያደግሁት።

ኤሌክትሪክ ሲመጣ ይህ ሥራ እንደሚቀር የማይጠራጠር ሰው ብዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ሰብሳቢ የነበሩት ሉዊስ ስትራውስ፣ ልጆቻችን የሚጠቀሙበት ኤሌክትሪክ በቆጣሪ ለመለካት እንኳ የማያስፈልግ ርካሽ ይሆናል ብለው ተናገሩ። የኃይል ባለሙያዎችም «የኃይል መሰላል» የሚል ሐሳብ ነበራቸው፦ ቤተሰብ ገቢው ሲሻሻል ከእንጨት ወደ ከሰል፣ ከከሰል ወደ ላምባ፣ ከላምባ ወደ ጋዝና ኤሌክትሪክ ይወጣል፤ የወጣበትን እርከንም ይተወዋል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ይህን ሐሳብ ለመፈተን ጥሩ ዕቃ ነው። ሸክላው ሥር ባለ ቦይ ውስጥ የሽቦ ጥቅል ተዘርግቶ ይግላል፤ ሙቀቱ ወደ ሸክላው ያልፋል። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ለአንድ ሰዓት ከጋገራችሁ 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው። በዚህ ኃይል አንድ ባለ 10 ዋት አምፖል 350 ሰዓት ይበራል፤ ማታ ማታ 5 ሰዓት ብታበሩት 70 ምሽት። ሰፈሩ ሁሉ ለበዓል ዋዜማ አንድ ላይ ምጣድ ሲጥድ ትራንስፎርመሩ ላይ የሚደርሰውን ገምቱ።

ታዲያ ብዙ ቤት ምን አደረገ? ምጣዱን ገዛ፤ ጉልቻውን ግን አላፈረሰም። መብራት ሲኖር በምጣዱ ይጋገራል፤ ሲጠፋ ደግሞ ጓሮ እሳት ይነዳል። ቡናው በከሰል ነው፤ ወጡ በኤሌክትሪክ ምድጃ ወይም በጋዝ። እ.ኤ.አ. በ2000 ማሴራ፣ ሳትካምፕና ካመን የተባሉ ተመራማሪዎች በገጠር ሜክሲኮ ያሉ ቤተሰቦችን አጥንተው ተመሳሳይ ነገር አሳዩ፦ ሰዎች መሰላሉን ወጥተው የታችኛውን እርከን አይተዉም፤ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይደርባሉ። የእኛ እናቶች ይህን ያለ ጥናት ያውቁት ነበር። አንድ ነገር ብቻ አምኖ ያለ እንጀራ የማደር ዕዳ የሚወድቀው በእነሱ ላይ ነዋ።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም የሸክሙ ጉዳይ ግድቡ ጋ አያልቅም። ከግድቡ እስከ ጓሮ ድረስ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶ፣ ቆጣሪ፣ የምጣዱ ዋጋና የወሩ ሒሳብ አለ። ትንበያ የሚጻፈው ስለ ግድቡ ነው፤ ጭራሮ ተሸካሚዋን ከሸክሟ የሚያላቅቃት ግን የመጨረሻው ሃምሳ ሜትር ሽቦ ነው።

ድሩ ተለወጠ፣ ሸማኔው ቀረ

ሽሮ ሜዳ ስንወርድ ሌላ ያልተሳካ ትንበያ እናገኛለን። እዚህ ሰፈር ከጋሞ አገር የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ለብዙ አሥርት ዓመታት ኖረዋል። ጣሊያኖች ድሬዳዋ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አቋቋሙ፤ በ1953 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው የባሕር ዳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የእጅ ሽመና ዕድሜ አጭር ነው ተባለ። ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን የነበሩ ሸማኔ ለልጃቸው «ይሄ ሥራ ከኔ ጋር ነው የሚቀበረው፣ አንተ ተማር» ሲሉት እሰማ ነበር። አብሮ አደጌ ስለሆነ ምክሩ ለእኔም ደረሰኝ።

ሽመናው አልተቀበረም። ሸማኔው ዛሬም ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ታች ሰዶ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ይወረውራል። ታዲያ ፋብሪካው ምንም አልለወጠም ማለት ነው? ለወጠ እንጂ፤ ሰው ባልጠበቀው ቦታ። ድሩ የፋብሪካ ክር ሆነ። ድር ተወጥሮ ስለሚሠራበት ጠንካራና እኩል ውፍረት ያለው ክር ይፈልጋል፤ የፋብሪካ ክር ለዚህ ተስማሚ ነው። ማጉ ግን በብዙ ጋቢና ነጠላ ላይ ሴቶች በእንዝርት የፈተሉት ሆኖ ቆየ፤ ልስላሴውንና ሙቀቱን የሚሰጠው እሱ ነው። ስለዚህ በትከሻችሁ ላይ ያለው «የባህል ልብስ» ግማሹ ፋብሪካ፣ ግማሹ እጅ ነው።

እንግሊዛዊው ጆን ኬይ እ.ኤ.አ. በ1733 በገመድ ተስቦ የሚወረወር መወርወሪያ ሲሠራ፣ አንድ ሸማኔ ከክንዱ ርዝመት የሰፋ ጨርቅ ብቻውን መሸመን ቻለ። የእኛ ሸማኔ መወርወሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ አሁንም በእጅ ነው የሚወረወረው፤ ነጠላችሁን ገልብጣችሁ ብታዩ መሃሉ ላይ ሁለት ቁራጭ የተጋጠመበትን ስፌት የምታገኙት ለዚህ ነው። ፋብሪካ አንድ ዓይነት ጨርቅ በሺህ ሜትር ሲያመርት ያተርፋል። ለአንዲት ሙሽራ ብቻ የሚሆን ጥለት፣ ለጥምቀት የወጣ አዲስ ቀለም፣ ዋሽንግተን ያለች ደንበኛ በቴሌግራም ፎቶ ልካ «እንዲህ አድርጉልኝ» ያለችው ግን ለእጅ ሥራ ይመቻል። የስልኩ ዘመን ሸማኔውን አልጣለውም፤ ገበያውን ከሽሮ ሜዳ አስፋልት ዳር እስከ አሜሪካ ዘረጋለት።

እዚህ ላይ ግን «አየህ፣ ባህላችን አሸነፈ» ብሎ መዝጋት አይገባም። ጥለቱ በማሽን የታተመበት ርካሽ ጨርቅ በዚያው ገበያ ይሸጣል። የእጅ ሽመናው ከዚህ ጋር የሚወዳደርበት አንዱ መንገድ ደግሞ የጉልበት ዋጋ ዝቅተኛ መሆኑ ነው። ከጋሞ አካባቢ ትምህርት ታቋርጠው መጥተው ጉድጓድ አፍ ላይ የተቀመጡ ሕፃናት ታሪክ የሰፈሩ ታሪክ አካል ነው። አንድ አሮጌ ቴክኖሎጂ «ተረፈ» ስንል ማን ከፍሎ እንዳተረፈው መጠየቅ አለብን።

ቆርቆሮ ላይ ያለው ሳህን

ትንበያዎች ሁሉ ከሸፉ ማለቴ አይደለም። የጉለሌን ጣሪያዎች ከላይ ሆናችሁ ብታዩ ቆርቆሮው ላይ ዲሽ እንደ እንጉዳይ በቅሏል። የዚህ ሐሳብ አንዱ ባለቤት ደራሲው አርተር ክላርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 በጻፈው ጽሑፍ፣ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የሚዞር ነገር ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ሰማይ ላይ የቆመ ይመስላል፤ በዚያ ሦስት ጣቢያዎች ቢቀመጡ ለመላው ዓለም ማሠራጨት ይቻላል አለ። ቁጥሩ ልክ ነበር። ነገር ግን ጣቢያዎቹ ውስጥ ሰዎች ይኖራሉ ብሎ አስቦ ነበር። የዚያን ዘመን የሬዲዮ አምፖል በየጊዜው እየተቃጠለ የሚቀይረው ሰው ይፈልግ ነበርና! ክላርክም ረዳቱን አልረሳውም።

የኢትዮጵያ ቻናሎች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ ዲሽ ሠሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ሳህን አዞሩ። ቀድሞ ለናይልሳት ወደ ምዕራብ፣ ከአድማስ 37 ዲግሪ ገደማ ቀና ብሎ የነበረው ሳህን፣ አሁን ወደ ምሥራቅ 66 ዲግሪ ገደማ ማንጋጠጥ ነበረበት። በእግራችሁ ስትሄዱ ጣሪያ ላይ ሁለት ሳህን ጀርባ ለጀርባ ካያችሁ፣ ያ ቤት አዲሱን ሲጨምር አሮጌውን አላወረደም። እንደገና መደራረብ።

የቪዲዮ ጥሪውም እንዲሁ ነው። ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 በኒው ዮርክ ዓለም አቀፍ ኤክስፖ ላይ ምስል የሚያሳይ ስልክ አሳየ፤ በ1970 በፒትስበርግ ከተማ ለገበያ አቀረበው፤ ውድ ነበርና አልተሳካም። የዛሬዋ እናት ግን አረብ አገር ካለች ልጇ ጋር በኢሞ ፊት ለፊት እየተያየች ታወራለች። ዕቃው መጣ፤ የመጣው ግን ለከተማ ነጋዴ ቢሮ ሳይሆን፣ ከተሰደደ ልጅ ጋር ለመገናኘት ነው። መሐንዲሶቹ መሣሪያውን በትክክል አይተውታል፤ ስደቱን አላዩትም።

አያቴ የመረጠችው

ለዚህ ጽሑፍ ስዘጋጅ አያቴን «በዕድሜሽ ካየሽው አዲስ ነገር ሕይወትሽን በጣም የለወጠው ምንድን ነው?» አልኳት። ቴሌቪዥን ወይም ስልክ ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ወፍጮ ቤት» አለችኝ ወዲያው። «ከዚያ ደግሞ ጄሪካን።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። «አንተ መጅ ይዘህ ተንበርክከህ ፈጭተህ አታውቅም፣ ልጄ። ዶሮ ሳይጮህ ተነስቼ ነበር የምፈጨው። እንስራውስ? ባዶውን ራሱ ጀርባ ይሰብራል። ከተንሸራተትሽ ደግሞ ውኃውም የለ፣ እንስራውም የለ።»

ስለ ጄሪካን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጀርመኖች ለጦር ሠራዊታቸው ነዳጅ መያዣ ብለው ከብረት ሠሩት። እንግሊዞች ጀርመኖችን «ጄሪ» እያሉ ይጠሩ ስለነበር «የጄሪ ጣሳ» ተብሎ ቀረ። በኋላ ፕላስቲክ ሆነ፤ እኛ ጋ ደግሞ በአብዛኛው የዘይት መያዣ ሆኖ ገባና ዘይቱ ሲያልቅ የውኃ ዕቃ ሆነ። ባለ 20 ሊትሩ ባዶውን አንድ ኪሎ ገደማ ቢመዝን ነው፤ ይከደናል፣ ቢወድቅ አይሰበርም፣ ልጅም ይይዘዋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በር ላይ የተደረደረው ቢጫ ሰልፍ የከተማው የውኃ ማጠራቀሚያ ቅጥያ ነው። ስለ ወደፊቱ ዓለም ከተሣሉት ሥዕሎች በአንዱም ላይ ቢጫ ጄሪካን አይቼ አላውቅም። ትንበያ የሚሣለው ባብዛኛው ውኃ ቀድተው በማያውቁ ሰዎች ነው።

ትክክለኛው ጥያቄ

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። እሳቸው ስለሚበር ነገር አልጻፉም። የጻፉት ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲገበያይ የብዙ ቀን ድካሙን ለሌላው የጥቂት ሰዓት ሥራ እየለወጠ እንደሚኖር ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ሳነበው፣ ስለ ዕቃ ከተነገሩት ትንበያዎች ሁሉ ይህ ያረጀ አልመሰለኝም። ምክንያቱም የጠየቁት «ምን ዓይነት መሣሪያ ይመጣል?» ሳይሆን «ማን ለማን ይሠራል?» ብለው ነው።

ለእናንተ፣ በተለይ ምህንድስና ልትማሩ ለምታስቡ፣ ይህ የወሬ ጉዳይ አይደለም። ገንዘብም፣ የጥናት ርዕስም፣ የወጣት ዕድሜም ትንበያን ተከትሎ ነው የሚፈሰው። «እጅ ሽመና ያልቅለታል» ብለን ስላመንን የሸማኔውን ወገብ የሚያሳርፍ የተሻለ መቀመጫና መወርወሪያ ላይ የሠራን ጥቂቶች ነን። «እንጨት ይቀራል» ብለን ስላመንን ጭስ የሚቀንስ ምድጃና ኃይል የሚቆጥብ ምጣድ እንደ ትንሽ ሥራ ይታያሉ። ስለዚህ ስለ ወደፊቱ ጊዜ የሚናገር ሰው ስትሰሙ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ይህ ዕቃ እንዲሠራ ከኋላው ምን ሽቦ፣ ምን መንገድ፣ ምን ክር ያስፈልጋል? ከጎኑ የሚቀጥለው አሮጌ ነገር ምንድን ነው? እጀታውን የሚያዞረው ልጅስ ማን ነው?

እንጦጦ ጫፍ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ባለ አንድ ሜትር ስፋት መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 የምትታዘዘውም ከዚሁ ተራራ ነበር። አንዳንድ ጠዋት እዚያ ስወጣ፣ ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች በአጠገቤ ቁልቁል ያልፋሉ። ድሮ ይህ ትዕይንት «ያለፈውና የወደፊቱ ተገናኙ» ያሰኘኝ ነበር። አሁን እንዲህ አላስብም። ሳተላይቷም ሸክሙም የዛሬ ናቸው፤ ሁለቱም የ2010ዎቹ ኢትዮጵያ ናቸው።

አሁን አንድ መምህር ወረቀት ሰጥቶ «አዲስ አበባ በ2040 ዓ.ም.» ቢለኝ የምሥለው ይህንኑ መንገድ ነው። ዛፉ አለ፣ ዳገቱ አለ፣ ታክሲው በመሬት ይሄዳል፣ ረዳቱም ይጣራል። ሴቶቹም ይወርዳሉ፤ ጀርባቸው ላይ ግን ምንም የለም። ይህን ለመሣል አንድ ደቂቃ ይበቃል። እውነት ለማድረግ ግን በየጓሮው የማይቆራረጥ መብራት፣ ከ3.5 ኪሎ ዋት ያነሰ የሚበላ ምጣድና፣ ከሁሉም በላይ፣ ጭራሮ ሸጠው ይገዙት የነበረውን ዳቦ የሚያስገኝላቸው ሌላ ሥራ ያስፈልጋል። የመጨረሻውን እንዴት እንደምሥለው ገና አላወቅሁም።